በሩ ላይ የቆመችው አስራ አንደኛዋ ሴት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡15፤ ሃግሴትራ፣ ስቶክሆልም

ቤቴን ቆልፌ ስወጣ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ አንድ ኩሽና ብቻ መብራት በርቶበታል። መስቀል ካለፈ አራት ቀኑ ነው፤ አገር ቤት አደይ የሚፈነዳበት ወቅት እዚህ ጓንት ያስፈልገዋል። በሥራዬ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ በዚህ ሰዓት መውጣት አይከብደኝም። የሚከብደኝ ተሳፋሪ ሆኜ መውጣት ነው። ሌላ ሰው በሚነዳው ነገር ውስጥ ስቀመጥ ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን እየፈለገ ያሳፍረኛል።

ዛሬ የምወጣው ጋሼ ወርቁን ይዤ አንድ የድንጋይ በር ለማየት ነው። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ማኅበረ ምእመናናችን ከሃግሴትራ ብዙ ሳይርቅ አንድ ትንሽ አሮጌ የጸሎት ቤት ገዝቷል። ግድግዳው ጥሩ ነው፣ በሩ ግን በስብሷል። ሰበካ ጉባኤው በኦክ እንጨት የተቀረጸ አዲስ በር ይሠራ ብሎ ወሰነ፤ ንድፉን ጋሼ ወርቁ ሣሉት። ጋሼ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በተማሪነት መጥተው፣ ካርታ ነዳፊ ሆነው፣ አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ በስደት ስመጣ ከመሥሪያ ቤት የሚላክልኝን ደብዳቤ ሁሉ ያነበቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ንድፉን የወሰዱት ከአንድ ፎቶ ነው። አካላ በሚባለው ሰፈራቸው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በአርባ ክሮነር የገዙት፣ ቡናማ፣ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ ፎቶ ማንሳት ገና እንደ ተአምር በሚታይበት ዘመን የተነሳ ፎቶ። የአንድ ካቴድራል መግቢያ ይታይበታል፤ ከፊቱ ያለው አደባባይ ጭር ያለ ነው። በቅስቱ በቀኝ መብራታቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ አምስት ልባሞች ደናግል፣ በግራ መብራታቸው የተዘቀዘቀ አምስት ሰነፎች ተቀርጸዋል። ከላይ ሙሽራው አለ። ታዲያ በግራ በኩል ከሁሉም ዝቅ ብላ አንዲት አስራ አንደኛ ሴት አለች። መብራት የላትም። ነጠላ በሚመስል ልብስ ተከናንባ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደግፋለች።

ጋሼ ይቺን ሴት በእኛም በር ላይ ሣሏት። ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ሽፈራው፣ «ደናግሉ አስር ናቸው። አስራ አንደኛዋን ከየት አመጧት?» አሉ።

«እኔ አላመጣኋትም። ከእኔ በፊት የነበሩ ጠራቢዎች ናቸው ያስገቧት። ፎቶው ይኸው።»

«ፎቶው ደብዛዛ ነው ጋሼ። ሄደው ድንጋዩን ራሱን አንስተው ያምጡልን። ካለች ትቀረጻለች፤ ከሌለች ትውጣ።»

አናጺው ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ያለን ቀን ዛሬ ነው።

12፡50፤ ከተማው መሐል፣ ባቡር ጣቢያ

ጋሼ ከእኔ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ተተኩሷል፣ ባርኔጣቸው ተቦርሿል፣ ንድፉ በካርታ ቱቦ ውስጥ ብብታቸው ሥር ነው። እንደ ምርኩዝ የሚይዙት ጥቁር ጃንጥላም አለ።

«ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ ስንዱ።»

«ባቡሩ ነው ጋሼ።»

«አውቶቡስ ነጂ ባቡር ያማል፤ ባቡር ነጂ ማንን እንደሚያማ እንጃ።»

ወደ ሜርስታ የሚሄደው ፔንደልቶግ፣ የከተማ ዳርቻው ባቡር፣ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ዛፎቹ ግማሽ ቢጫ ናቸው። ጋሼ ፎቶውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ስለ በሮች ያወሩልኝ ጀመር። በድሮ ጊዜ መጽሐፍ የሌለው ሰው በሩን ነበር የሚያነበው አሉ። የወይኑ ሐረግ ሕይወት ነው፤ ወይኑን የምትለቅመው ወፍ ነፍስ ናት፤ ከሥር ያለው አንበሳ ጠባቂ ነው። በር ላይ አስሩን ደናግል መቅረጽ ደግሞ ልብ ያለው ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ታሪካቸው የሚያልቀው በተዘጋ በር ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ በመሐላቸው ያልፋል፤ ከየትኛዎቹ እንደሆነ ሳይጠይቅ አያልፍም።

«እሷስ?» አልኩ ጣቴን አስራ አንደኛዋ ላይ አድርጌ።

«እሷማ ዘይትም መብራትም የላትም። ግን አልሄደችም። ሌሎቹ ዘይት ፍለጋ ሲሄዱ እሷ በሩ ላይ ቀረች። ጠራቢው አዝኖላት ነው።»

ስለማን እንደሚናገሩ አውቃለሁ፤ ማኅበሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሼ ወርቁ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም፣ ግን ገብተውም አያውቁም። በረዶ ይዝነብ ዝናብ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ይቆማሉ። ካህኑ ስንቴ ለመኗቸው። «እዚህ ይሻለኛል» ነው መልሳቸው። ለእኔ አንድ ቀን ነግረውኛል። ወደዚህ ሲመጡ እናታቸው «የቤተ ክርስቲያን ደጅ አትርሳ» ብለው ለመኗቸው። ያኔ ተማሪ ነበሩ፣ ዓለምን ሊለውጡ የተነሱ። «ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም» ብለው በሰው ፊት መለሱላቸው። እናትየው በሁለተኛው ዓመት አረፉ። መርዶው የደረሰው በደብዳቤ ነው፣ ከቀብሩ በኋላ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ደጁን ይረግጣሉ፤ ውስጡን ለራሳቸው አልፈቀዱም። አስራ አንደኛዋ ከበሩ ላይ ከወጣች ማን እንደወጣ እናውቃለን። ለዚህ ነው ቅዳሜዬን ሰጥቼ የተከተልኳቸው።

1፡45፤ ሜርስታ

በመኪናው የሚወስደን የማኅበራችን ልጅ ደረጀ ጣቢያው በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቀናል። ከአየር ማረፊያው የዕቃ ጭነት ሥራ ሌሊቱን አድሮ መውጣቱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጨዋታው ግን አልደከመም።

«ጋሼ፣ ከፊት ይቀመጡ። ስንዱ ከፊት ከተቀመጠች መንዳት ታስተምረኛለች።»

ቀረፋ ያለበት ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዟል። መንገዱ ያማረ ነው፤ ይህን መንገድ የሠሩ እጆች ይባረኩ እላለሁ፣ ጎማ ሳያንገጫግጭ ኮረብታውን እየዞረ ይሄዳል። የታጨደ እርሻ፣ ቀይ ጎተራ፣ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ደግሞ እርሻ። ከጫካ ዘሎ ለሚወጣ ትልቅ አጋዘን ተጠንቀቁ የሚል ምልክት በየኪሎ ሜትሩ አለ። አጋዘኑ ግን ዛሬም አልወጣልንም።

«እስቲ ለእኔም ይንገሩኝ ጋሼ» አለ ደረጀ። «ይቺ አስራ አንደኛዋ ብትገኝ ምን ይሰጡኛል?»

«ቆመህ ታያታለህ፣ ሌላ ምን እሰጥሃለሁ።»

«ባትገኝስ?»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ትገኛለች» አሉ።

3፡20፤ ካቴድራሉ

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የካቴድራሉ ጠባቂ ለምናኛለች፤ አንድ ጊዜ ስለ በሩ ተጽፎ ለማስታወሻ ስባሪ የሚወስድ ሰው መጥቶ ነበር አለችኝ። ቃል ገብቻለሁና እሺ በሉኝ።

በሩን ሳየው ግን ወሬዬ ሁሉ ጠፋ። ፎቶው ውስጥ ቡናማ የነበረው ድንጋይ በጠዋት ፀሐይ የቅቤ ቀለም አለው። የወይኑ ሐረግ ከአንዲት ትንሽ አንበሳ አፍ ይነሳና ቅስቱን ሁሉ ይዞራል፤ ቅጠሉ ሥር ጥላ እስኪኖረው ድረስ ተፈልፍሏል። ከልባሞቹ አንዷ ነፋሱን በመዳፏ ከልክላ መብራቷን ትጠብቃለች። በግራ ካሉት አንዷ ገና አላወቀችም፣ ትስቃለች። አጠገቧ ያለችው መብራቷን ዘቅዝቃ ውስጡን ታያለች። መጨረሻዋ እያለቀሰች ነው፤ የድንጋይ ጉንጭ እንዲህ ሊያሳዝን ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። የጠራቢውን እጅ አደነቅኩ። ያቺን የምትስቀዋን ሲሠራ ራሱም የሳቀ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ከምታለቅሰዋ ሥር ልሙጥ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።

ደረጀ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «አስር ናቸው ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁና ልሙጡን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። የተነቀለ ነገር ምልክት ፈለጉ። ስንጥቅ የለውም፣ ጠባሳ የለውም። ፎቶውን አውጥተው ከበሩ ጋር አስተያዩት። ቱቦው ከብብታቸው ሊወድቅ ሲል ተቀበልኳቸው።

«በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገርኩት» አሉ። «በሰው ሁሉ ፊት።»

ስለ ሌላ ሰው እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

4፡00፤ የጠባቂዋ ክፍል

ጠባቂዋ ጉኒላ ትባላለች፤ በስድሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ የሠራተኛ ቱታ የለበሰች፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የሚንሿሿ ሴት። ስዊድንኛ ትንሽ ትልቁን አንድ አድርጎ አንተ ስለሚል እሷም ጋሼን አንተ አለቻቸው፤ እኔ በአማርኛ ስጽፈው እያቃናሁት ነው።

በእጃቸው ያለውን ፎቶ አይታ ፈገግ አለች። «ሴትዮዋን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት። ኑ።»

ክፍሏ ግድግዳ ላይ ያው ፎቶ አለ፤ ግን ከመጀመሪያው የመስታወት ነጋቲቭ የታተመ፣ ጠረጴዛ የሚያህል። አጉሊ መነጽር ለጋሼ ሰጠቻቸው።

«አደባባዩ ባዶ ይመስልዎታል?» አለች።

«ባዶ ነው። ሲነጋ የተነሳ መሆን አለበት።»

«ገበያ ነው። ቅርጫቶቹን ይመልከቱ፤ ቅርጫት ስለማይሄድ ቀርቷል። ይኸው የጋሪ ጎማ። ይኸው ውሻ፤ ጭራውን ስለቆላ ጭራ የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ ምስል ለመያዝ ጊዜ ይፈጅበታል። ፎቶ አንሺው የሌንሱን ክዳን አንስቶ፣ ቆጥሮ፣ መልሶ ይከድናል። በመሐሉ የሄደ፣ የዞረ፣ እጁን ያወናጨፈ ሰው ሁሉ አይያዝም። በዚያ አደባባይ የነበረ ሕዝብ በሙሉ ጠፍቷል። አንድ ሰው ብቻ ክዳኑ እስኪከደን ድረስ ሳይነቃነቅ ቆሞ ነበር፤ ግንባሩን በሩ ላይ አድርጎ።

ጋሼ አጉሊውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ናት።»

«ሰው ናት። ማን እንደሆነች አናውቅም። ደክሟት ይሆናል፤ ገበያ አድካሚ ነው።»

እኔና ጋሼ ተያየን። ድካም እንዳልሆነ እኛ እናውቃለን። ደጅ የሚሳለም ሰው አንገቱ እንዴት እንደሚሰበር የምናውቅ ሰዎች ነን። ይህችን ሴት ሐውልት ናት ብሎ ለመሳሳት እንኳ ደጅ ሲሳለሙ ማደግ ያስፈልጋል፤ ለሌላው ጥቁር ነጥብ ናት።

«ስለዚህ ከውጭ ቀረች» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው ያህል፣ ግን በስዊድንኛ።

ጉኒላ ግራ ገባት። «ለምን ትቀራለች? ከውጭ የቀረችው ፎቶው ላይ ነው። ክዳኑ ከተከደነ በኋላ ያደረገችውን ማን አየ? በሩ ክፍት ነው፤ እዩት። ገብታ ይሆናል።»

ቀጥላ ካቴድራሉን ልታሳየን ተነሳች። ደረጀና እኔ ገባን። ጋሼ ሴትዮዋ ከቆመችበት ቦታ ላይ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቀሩ። ስንወጣም እዚያው ነበሩ።

ከቀኑ 6፡30፤ ወደ ስቶክሆልም

ደረጀ ባቡር አያስፈልግም ብሎ እስከ ስቶክሆልም ሊያደርሰን ነው። ከከተማዋ ወጣን። ከዚያ ደረጀ፣ ልቡ ደግ ነውና፣ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ የጉኒላን ትልቁን ፎቶ በስልኬ አንስቼዋለሁ። ጥርት ብላ ትታያለች። እሱን እናሳያቸው። ማን እዚህ ድረስ መጥቶ ይቆጥራል?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር።

«አርባ ዓመት ካርታ ስሠራ የሌለ ቤት ስዬ አላውቅም» አሉ ጋሼ። «በሰማንያ አንድ ዓመቴ ልጀምር?»

ከቱቦው ንድፉን አወጡ፣ ከኪሳቸው ላጲስ። መኪናው እየሄደ፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አስራ አንደኛዋን ማጥፋት ጀመሩ። በመጀመሪያ ነጠላዋን፣ ከዚያ ትከሻዋን። ግንባሯ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ እሱንም አጠፉት፣ ፍርፋሪውንም በመዳፋቸው ጠረጉ።

ከሜርስታ ካለፍን በኋላ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጠሩኝ።

«ስንዱ። ገብታ ይሆን?»

ስለ ቅርጽና ስለ ትርጉም የማውቀው የለኝም። የማውቀው ፌርማታ ነው። «ጋሼ፣ እኔ በመስኮቴ ሳልፍ ቆሞ ያየሁት ሰው ሁሉ እዚያ የሚኖር ይመስለኛል» አልኳቸው። «በሚቀጥለው ዙር ስመለስ ግን የለም። ሄዷል።»

የመስታወት መጥረጊያው የመጀመሪያዎቹን የዝናብ ጠብታዎች ጠረገ።

እሁድ፣ ከረፋዱ 5፡00፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው አዳራሽ

ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ወደ አዳራሹ ጋሼ ይገባሉ፤ በሩ ሌላ ነው። አቶ ሽፈራው ለክርክር ወረቀት አዘጋጅተው መጥተዋል።

ጋሼ ተነሱ። «ተሳስቻለሁ» አሉ። «ደናግሉ አስር ናቸው። እኔ ቅርጽ ያልኳት ሰው ነበረች። ፎቶ ሲነሳ በሩ ላይ የቆመች ሴት።»

ክርክር ይጠብቅ የነበረ ጉባኤ ይቅርታ ሲመጣበት የሚያደርገው ይጠፋዋል። አቶ ሽፈራው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አዲሱን ንድፍ ለረጅም ጊዜ አዩና ጣታቸውን በግራ መቃን ታችኛው ክፍል ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ባዶ ሆኗል። የወይን ቅጠል ይቀጥልበት?»

«አይቀጥልበት። ልሙጥ ይሁን፤ በደንብም ይላግ። ግንባር የሚያርፍበት ነው፣ ቅርጽ ይወጋል።»

አቶ ሽፈራው ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው በንድፉ ጠርዝ ላይ ጻፉ፤ በራሳቸው እጅ፣ አናጺው እንዲያነበው በስዊድንኛ፦ ልሙጥ ይሁን።

ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት

በሩ ትናንት ተገጠመ። ውብ ነው፤ ይህን ለማለት ሚዛናዊ መሆን አያስፈልገኝም። አናጺው የምትስቀዋን አሳምሮ አስቋታል። ኦኩ ገና አዲስ የእንጨት ሽታ አለው፤ ግራ መቃኑ ላይ ያለው ልሙጥ ቦታ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

ከትናንት ወዲያ የጀመረው ዝናብ አላባራም፣ ገና ጨለም ያለ ነው። ለእናንተ ለአንባቢዎች ፎቶ ላስቀር ብዬ ስልኬን አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ጉኒላን አስታውሼ ብርሃን ቀስ ብሎ እንዲገባ አስተካከልኩት፣ ሠላሳ ሰከንድ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ገቢው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደ ወትሮው በግራ በኩል የቆሙት ጋሼ ወርቁ ብቻ ጥርት ብለው ይቀራሉ። ለእሳቸው አትሜ ልሰጣቸው ነበር።

ስልኩን ስጫነው ጋሼ ቆመው ነበር። ግንባራቸው ልሙጡ ላይ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ስልኩ ላይ አድርጌ ሰከንዱን ቆጠርኩ።

ፎቶው መጣ። አስሩ ደናግል አሉ። የገባው ምእመን ሁሉ የትንፋሽ ጉም መስሎ በመሐላቸው አልፏል። ልሙጡ ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ፣ መቃኑ ላይ ተደግፎ፣ ጥቁር ጃንጥላ ጥርት ብሎ ቆሟል።

ቀና አልኩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

ጃንጥላውን አንስቼ ተከትያቸው ገባሁ።